ፍሳሽ የመለሰው ረግረግ፦ የኮሎራዶ ዴልታ ታሪክ

የኮሎራዶ ወንዝ ከሮኪ ተራሮች በረዶ ተነሥቶ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በሜክሲኮ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በባሃ ካሊፎርኒያና በሶኖራ ግዛቶች መካከል፣ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ጋር ይገናኝ ነበር። ወንዙ ወደ ባሕሩ ሲቃረብ ፍጥነቱን እያጣ የተሸከመውን ደለል ይጥል፣ ጅረቱም ወደ ብዙ ቅርንጫፎች ይከፋፈል ስለነበር፣ በዘመናት ብዛት ዴልታ የሚባለውን ዝርግና ለም መሬት ፈጠረ፤ የዚህ ዴልታ ስፋትም ወደ 780,000 ሄክታር ይገመት ነበር። በዙሪያው ያለው ምድር በዓመት ከ100 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ የሚያገኝና በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍ በረሃ በመሆኑ፣ በዴልታው ውስጥ የበቀለው ሁሉ፣ ከአኻያና ከፖፕላር ወገን ከሆነው ኮተንውድ ደን ጀምሮ እስከ ፊላውና ሸምበቆው ድረስ፣ ሕይወቱን ያገኝ የነበረው ከሰማይ ሳይሆን ከወንዙ ብቻ ነበር። ይህ ነጥብ የቀጣዩን ታሪክ በሙሉ ስለሚገዛ ከመነሻው መታወስ አለበት፤ የዴልታው መሬት በረሃ የሆነው ዝናብ ስለቀረበት ሳይሆን የወንዙ ውሃ ስለተወሰደበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ምድር ላይ ከአውሮፓውያን መምጣት አስቀድሞ ዓሣ በማጥመድና የወንዙ ሙላት ሲመለስ በሚቀረው እርጥብ መሬት ላይ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ በመዝራት ይኖር የነበረው የኩካፓ ሕዝብ ነው። በ1826 ሮበርት ሃርዲ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን በመርከብ ወደ ዴልታው ገብቶ ከቅርንጫፎቹ አንዱን ስለዳሰሰ ያ ቅርንጫፍ እስከ ዛሬ በስሙ ሃርዲ ወንዝ ይባላል። ከ1852 ጀምሮ ደግሞ የእንፋሎት ጀልባዎች ከባሕሩ አፍ በአሪዞና እስካለችው ዩማና ከዚያም በላይ እየተመላለሱ ለወታደሮች ስንቅ፣ ለማዕድን ቆፋሪዎችም ዕቃ ያመላልሱ ነበር፤ ወንዙ መርከብ የሚሸከም ወንዝ ነበር ማለት ነው። ያ ዘመን ከስድሳ ዓመት በላይ አልቆየም።

የለውጡ መጀመሪያ መስኖ ነው። በ1901 አንድ የግል ኩባንያ ከኮሎራዶ ቦይ አውጥቶ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የኢምፔሪያል ሸለቆ ውሃ ማድረስ ጀመረ፤ ቦዩ የሚያልፈው በሜክሲኮ መሬት ላይ ስለነበር በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ በ1903 የሜክሲካሊ ከተማ ተመሠረተች። በ1905 የወንዙ ሙላት በቂ መዝጊያ ያልተበጀለትን የቦይ አፍ ሰብሮ ገባና ወንዙ በሙሉ ማለት ይቻላል አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሰሜን፣ ወደዚያ ዝቅተኛ ሸለቆ መፍሰስ ጀመረ። አንድ የባቡር ኩባንያ በሺዎች በሚቆጠር ፉርጎ ድንጋይ እየደፋ ስብራቱን በየካቲት 1907 እስኪዘጋው ድረስ የተጠራቀመው ውሃ ሳልተን ባሕር የሚባለውን ሐይቅ ፈጠረ፤ ሙላቱ እየቦረቦረ ያሰፋው ጎርፍ መውረጃም በሜክሲካሊ በኩል አልፎ ድንበሩን ወደ ሰሜን የሚሻገር ኑዌቮ፣ ማለትም አዲሱ ወንዝ፣ የተባለ ጅረት ሆኖ ቀረ። ሜክሲካሊ የቆመችው ወደ ሳልተን ባሕር በሚያዘነብለው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከተማይቱ እያደገች ስትሄድ የምትጥለው ፍሳሽ በተፈጥሮ ስበት ወደዚያው ወንዝ ይወርድ ጀመር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው የፍሳሽ ታሪክ ሥሩ ያለው በዚህ በ1905 ስብራት ውስጥ ነው።

በ1922 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተፈጸሙ። በዚያ ዓመት፣ በኋላ የተፈጥሮ ጥበቃ አስተሳሰብ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው አልዶ ሊዮፖልድ ከወንድሙ ጋር በታንኳ ዴልታውን አቋርጦ ነበር፤ ያየውንም አረንጓዴ ሐይቆችና የአዕዋፍ ብዛት ከሞቱ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ግን ወንዙ የሚያልፍባቸው የሰባቱ የአሜሪካ ግዛቶች ተወካዮች በሳንታ ፌ ተሰብስበው የኮሎራዶን ውሃ ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ በየዓመቱ 9.25 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አድርገው ለሁለት ተከፋፈሉት። ክፍፍሉ የተሠራው ከወትሮው የበለጠ ዝናብ በነበረባቸው ዓመታት ልኬት ላይ ስለነበር በወረቀት ላይ የተከፈለው ውሃ ወንዙ በእርግጥ ከሚያመጣው በለጠ፤ ሜክሲኮ በጉባኤው አልተጠራችም፣ የኩካፓና የሌሎቹ የወንዙ ነባር ሕዝቦች ድምፅም አልተሰማም፣ ለዴልታው ራሱ አንዲት ጠብታ እንኳ በድርሻነት አልተመዘገበችም። ከዚህ በኋላ የደረሰው መድረቅ ያልታሰበ አደጋ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ የክፍፍሉ ሰነድ ግን ውጤቱን አስቀድሞ የያዘ ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉም ውሃ ባለቤት ተበጅቶለት ሲያልቅ በመጨረሻ የሚቀመጠው ባዶውን መቅረቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ሰነዱን ወደ ተግባር የለወጡት ግድቦቹ ናቸው። የሁቨር ግድብ በ1935 ተመርቆ ከኋላው ያለው ታላቅ ሐይቅ ሲሞላ ዴልታው ለዓመታት ከዚያ በፊት በማያውቀው ጥማት ቆየ። በ1944 በተፈረመው ውል አሜሪካ ለሜክሲኮ በዓመት 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ለመልቀቅ ተስማማች፤ ሜክሲኮም በ1950 በድንበሩ ላይ የሞሬሎስን ግድብ ሠርታ ይህን ውሃ ወደ ሜክሲካሊ ሸለቆ የጥጥና የስንዴ እርሻ አዞረችው። ስለዚህ የዴልታውን ውሃ የወሰደችው አሜሪካ ብቻ አይደለችም፤ ወደ ሜክሲኮ የደረሰውንም የመጨረሻ ድርሻ የሜክሲኮ መስኖ ጠጥቶታል፣ ከሞሬሎስ በታች ያለው የወንዝ አልጋም አሸዋ ብቻ የሚታይበት ሆነ። በ1963 የግሌን ካንየን ግድብ ተዘግቶ ሐይቁ እስከ 1980 ድረስ ሲሞላ በቆየባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ወንዙ ባሕሩን ደርሶ ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር። የአኻያውና የኮተንውዱ ደን ሞተ፤ በቦታውም ከእስያና ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣውና ጨውን የሚችለው ታማሪክስ ቁጥቋጦ ተስፋፋ። የኩካፓ ዓሣ አጥማጆች መንደራቸውን እያጠፉ ወደ ከተማና ወደ ቀን ሥራ ተበተኑ።

ዴልታው በዚህ ሁኔታ እየደረቀ ሳለ በሌላ አህጉር፣ ከኮሎራዶ ጋር ምንም በማይገናኝ ጉዳይ፣ በኋላ ወደዚህ የሚደርስ ዕውቀት ይጠነሰስ ነበር። በ1952 ኬቴ ዛይድል የተባሉ ጀርመናዊት የዕፅዋት ተመራማሪ በፕሎን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ የሐይቅ ዳር ቄጠማ መሰል ተክሎችን በፍሳሽና በፋብሪካ ቆሻሻ ውሃ ላይ እያበቀሉ መፈተን ጀመሩ። ተክሎቹ ፌኖልን በመሳሰሉ መርዛማ ኬሚካሎች በተበከለ ውሃ ውስጥ መኖር ብቻ ሳይሆን ውሃውን እያጠሩት መሄዳቸውን አሳዩ፤ ነገር ግን ፍሳሽን በሲሚንቶ ገንዳ፣ በሞተርና በኬሚካል ማጣራት የለመዱት የዘመኑ መሐንዲሶች ሐሳቡን ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ አዩት። በኋላ በ1960ዎቹ ራይንሆልድ ኪኩት ከእርሳቸው ሥራ ተነሥቶ በሸምበቆ ሥር ውስጥ ፍሳሽን በአፈር አሳልፎ የማጣራት ዘዴ አቀረበ፣ በ1974ም የኦትፍሬዘን ማጣሪያ በዚህ ዘዴ ሥራ ጀመረ። አፈሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ውሃው በውስጡ ከማለፍ ይልቅ በላዩ እየተንሳፈፈ ይሄድ ነበር፤ ተከታዮቹ በጠጠርና በአሸዋ በመተካት ይህን ችግር አቃለሉት። ኔዘርላንዳውያን ደግሞ ከባሕር ባወጡት የፍሌቮላንድ መሬት ላይ በ1967 ውሃው በተክሎቹ መካከል በግልጽ የሚፈስበትን ሌላ ዓይነት ሠሩ። በዚህ መንገድ ሰው ሠራሽ ረግረግ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የተፈጥሮ ረግረግ የሚሠራውን ሥራ በታቀደ ልክ፣ በታወቀ ጥልቀትና በተቆጣጠሩት ፍሰት እንዲሠራ ተብሎ የሚቆፈርና የሚተከል ማጣሪያ፣ በምህንድስና ውስጥ ቦታ አገኘ።

የአሠራሩ ምስጢር ብዙ ሰው እንደሚገምተው ተክሉ ቆሻሻውን መጥጦ መብላቱ አይደለም። ፍሳሹ ወደ ረግረጉ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ተንሳፋፊው ጠጣር ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በውሃው ውስጥ ባለው የፊላና የሸምበቆ ግንድና በወደቀው ቅጠል ላይ ቀጭን ሽፋን ሠርተው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ የሟሟውን ብስባሽ ይመገባሉ። የእነዚህ ተክሎች ግንድ በውስጡ ባዶ የአየር መተላለፊያ ስላለው ከቅጠል ወደ ሥር ኦክስጅን ያወርዳል፣ ከሥሩም ጥቂቱ ወደ ጭቃው ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ መሬት ውስጥ ኦክስጅን ያለበትና የሌለበት ስፍራ ጎን ለጎን ይገኛል። በመጀመሪያው ስፍራ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሽንት የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለውጡት በሁለተኛው ስፍራ ያሉት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም በቀናት ቆይታ፣ በፀሐይ ጨረርና በሌሎች ረቂቅ ሕያዋን ተበልተው ይቀንሳሉ። ፎስፈረስ ግን በአብዛኛው ከአፈሩ ጋር ስለሚጣበቅ አፈሩ ሲጠግብ የማጣራቱ ኃይል ይደክማል፤ በበረሃ ደግሞ ተክሎቹ ብዙ ውሃ ወደ አየር ስለሚተነፍሱ የሚቀረው ውሃ ጨዋማነቱ ይጨምራል። እነዚህ ሁለት ድክመቶች ሳይነገሩ ረግረግን ሁሉን አዳኝ አድርጎ ማቅረብ ለነገሩ ወዳጅነት አይሆንም።

ወደ ዴልታው ስንመለስ፣ ውሃ ቢያገኝ ሊያንሠራራ እንደሚችል የታወቀው በዕቅድ ሳይሆን በቆሻሻ ምክንያት ነው። በ1961 በአሪዞና የሚገኘው የዌልተን ሞሃውክ መስኖ ከእርሻው ሥር የተጠራቀመውን ጨዋማ ውሃ በፓምፕ እያወጣ ወደ ወንዙ መልቀቅ ሲጀምር ወደ ሜክሲኮ የሚደርሰው ውሃ ጨው በድንገት ጨመረ፣ በሜክሲካሊ ሸለቆም ሰብል ተጎዳ። ለአሥር ዓመት ከዘለቀ የዲፕሎማሲ ውዝግብ በኋላ በነሐሴ 1973 በተፈረመው ቃለ ጉባኤ ቁጥር 242 መሠረት (የሁለቱ አገሮች የድንበርና የውሃ ኮሚሽን በ1944ቱ ውል ሥር የሚያወጣቸው ስምምነቶች ቃለ ጉባኤ ይባላሉ) አሜሪካ ጨዋማውን ውሃ ከወንዙ ለይታ በሲሚንቶ ቦይ ወደ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለመጣል ተስማማች። ቦዩ በ1977 ተጠናቀቀ፤ ውሃው የሚደፋበት ስፍራም ሲዬኔጋ ዴ ሳንታ ክላራ የሚባል፣ ከጥቂት መቶ ሄክታር የማይበልጥ ትንሽ ረግረግ የነበረበት የጨው ሜዳ ነበር።

ማንም ያላሰበው ነገር ከዚያ በኋላ ሆነ። በዓመት ወደ 130 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚጠጋው ይህ ውሃ ለስንዴ የማይሆን ጨዋማ ቢሆንም ለፊላ ተክል የሚቻል ስለነበር፣ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የሚሸፍን የፊላ ረግረግ አበቀለ። በመላው የኮሎራዶ ተፋሰስ እየጠፋች የነበረችው የዩማ ረግረግ ወፍ ከሁሉም ስፍራ ይልቅ በብዛት መኖሪያዋን እዚህ አደረገች፤ የበረሃው ትንሽ ዓሣም መጠለያ አገኘ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ይህን አጥንተው ሲጽፉ፣ ዴልታው ሞቷል ብለው የደመደሙ ሁሉ ሐሳባቸውን እንደገና ለመመርመር ተገደዱ። ከዚያ አስቀድሞም በ1983 ከባድ በረዶ ቀልጦ ግድቦቹ ሞልተው በመፍሰሳቸው ወንዙ ለተወሰኑ ዓመታት ወደ ባሕሩ ደርሶ ነበር፤ ያ ሙላት ዘር ይዞ ስለመጣ አኻያና ኮተንውድ በወንዙ ዳር እንደገና በቅለው ታይተዋል። ከሁለቱም ክስተቶች አንድ ትምህርት ተገኘ፦ መሬቱ ሕይወቱን አልጣለም፣ የሚጠብቀው ውሃ ብቻ ነው፣ ውሃውም የጠራ ወይም የበዛ መሆን አያስፈልገውም። በ1993 የሜክሲኮ መንግሥት የባሕረ ሰላጤውን የላይኛውን ክፍልና የዴልታውን የታችኛውን ክፍል የተከለለ ባዮስፌር አድርጎ አወጀ፤ ሲዬኔጋውም በዚህ ክልል ውስጥ ገባ።

ይሁን እንጂ የሲዬኔጋው ሕይወት በሌሎች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አሜሪካ ያንን ውሃ ለዘላለም ለመጣል ሳይሆን በዩማ የጨው ማጥሪያ ፋብሪካ አጥርታ ወደ ወንዙ ለመመለስ አስባ ነበርና ፋብሪካው በ1992 ተጠናቀቀ። ሥራ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ቢቆምም በየድርቁ ዘመን እንደገና ይከፈታል የሚለው ሐሳብ ይነሣ ነበር። በመጨረሻ በ2010 ለሙከራ ሲከፈት፣ ረግረጉ እንዳይደርቅ የሁለቱ አገሮች መንግሥታትና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው ሲሶውን ሸፍነው በአጠቃላይ 37 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ምትክ ውሃ አቀረቡ፤ መንግሥት ያልሆኑ ድርጅቶች ከመንግሥታት ጋር እኩል ውሃ አዋጥተው ለረግረግ ሲሰጡ በዚህ ወንዝ ላይ ያየው ሰው አልነበረም።

በሌላ በኩል ሜክሲካሊ ከመንደርነት ወደ መቶ ሺዎች ከተማነት ስታድግ ፍሳሿ በኑዌቮ ወንዝ ወደ ሰሜን መፍሰሱን ቀጥሎ፣ ወንዙ በድንበሩ ማዶ ባለችው የአሜሪካ ከተማ በካሌክሲኮ በኩል ሲሻገር ከአሜሪካ እጅግ ከተበከሉት ወንዞች አንዱ ተብሎ ስሙ ይነሣ ነበር። አረፋውና ሽታው የካሌክሲኮ ነዋሪዎች ዕለታዊ መከራ ሆኖ ሳለ ሁለቱ መንግሥታት ከ1980 ጀምሮ ስለ ኑዌቮ ጽዳት ቃለ ጉባኤ ተፈራርመዋል፤ ዋናው መፍትሔ ግን የመጣው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጭምር ገንዘብ ባዋጣበት ዕቅድ፣ ከከተማይቱ በስተደቡብ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በበረሃው ላይ በተሠራው የላስ አሬኒታስ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በ2007 ተከፈተ። ከተማይቱ ወደ ሰሜን በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ስለሆነች ፍሳሹን ወደ ደቡብ ለመውሰድ በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት አስፈለገ፤ በ1905 ወንዙ ራሱ የመረጠውን አቅጣጫ ሰዎች ከመቶ ዓመት በኋላ በሞተር ኃይል ገለበጡት ማለት ነው። ጣቢያው በሰከንድ እስከ 840 ሊትር ፍሳሽ ተቀብሎ በተከታታይ ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ እያሳለፈ በባክቴሪያና በፀሐይ ኃይል ያጣራዋል።

ከኩሬዎቹ የሚወጣው ውሃ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን ከጣቢያው ግንባታ የማያንስ ክብደት ነበረው። በዚያ አካባቢ ውሃ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ገበሬዎች አሉ፣ ከከተማይቱ በስተምዕራብ ያሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም የሌላውን የሜክሲካሊ ማጣሪያ ውሃ ለማቀዝቀዣ ይጠቀሙበት ነበር። ሶኖራን ኢንስቲትዩትና ፕሮናቱራ ኖሮኤስቴ የተባሉት የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ከባሃ ካሊፎርኒያ ግዛት ባለሥልጣናት ጋር ተነጋግረው ከጣራው ውሃ 30 በመቶው ለሃርዲ ወንዝና ለእርሱ ዳርቻ ተፈጥሮ እንዲመደብ ስምምነት ላይ ደረሱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ይህ ስምምነት ይመስላል፤ ከ1922 ጀምሮ ለዴልታው ያልተጻፈው ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ የሰፈረው ከከተማ ፍሳሽ ላይ በመሆኑ፣ ወንዙን ለመመለስ የተገኘው መብት ከማንም ገበሬ ወይም ከማንም ግድብ አልተነጠቀም።

ስምምነቱ ብቻውን ግን ንጹሕ ውሃ አላመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከኩሬዎቹ የሚወጣው ውሃ ጥራት የሚፈለገውን ያህል ስላልነበረ፣ በሃርዲ ዳርቻ ለመዝናኛና ለዓሣ ማጥመድ የሚመጡ ሰዎችና በኤል ማዮር መንደር የሚኖሩት ኩካፓዎች ሥጋት ነበራቸው። ለዚህ መልስ የሆነው ኬቴ ዛይድል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በቄጠማዎቻቸው የጀመሩት ዕውቀት ነው። በጣቢያውና በሃርዲ መካከል 100 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት በአነስተኛ ግንብ እየተከፋፈለ ተደለደለ፣ ፊላና ሌሎች የውሃ ዳር ተክሎች ተተከሉበት፣ ከኩሬዎቹ የወጣው ውሃም በእነዚህ ተክሎች መካከል በዝግታ እየፈሰሰ ወደ ወንዙ እንዲደርስ ተደረገ። በረሃ የነበረው ስፍራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ የአዕዋፍ ዓይነቶች የሚታዩበት ረግረግ ሆነ፤ ወደ ሃርዲ የሚገባው ውሃ ጥራትም ተሻሻለ፣ ከዚህ በፊት ከእርሻ ትርፍ ውሃ በቀር የማያገኘው ወንዝ ከእርሻው ውሃ ያነሰ ጨው ያለው ውሃ ዓመቱን ሙሉ ማግኘት ጀመረ።

መጠኑን በልኩ ማየት ተገቢ ነው። ጣቢያው በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በዓመት 26 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ያወጣል፤ ይህም ሜክሲኮ በ1944ቱ ውል ከምታገኘው ውሃ 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ቃል የተገባው 30 በመቶም ስምንት ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ቢሆን ነው። የዴልታውን የቀድሞ ስፋት ለመመለስ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ከተማ በድርቅ ዓመትም ቢሆን ውሃ መጠቀሙን ስለማያቆም ፍሳሹ አይቋረጥም፤ ወንዝ በየጊዜው በሚደርቅበት አገር የማይቋረጥ ትንሽ ውሃ አልፎ አልፎ ከሚመጣ ትልቅ ሙላት ይልቅ ለተክሎች ሥርና ለዓሣ የሚበጅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ትልቁ ሙላት የመጣው በ2014 ነው። ሁለቱ አገሮች በኅዳር 2012 በፈረሙት ቃለ ጉባኤ ቁጥር 319 መሠረት መጋቢት 23 ቀን 2014 የሞሬሎስ ግድብ መዝጊያ ተከፍቶ እስከ ግንቦት ድረስ በአጠቃላይ 130 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ወደ ደረቀው የወንዝ አልጋ ተለቀቀ። በሳን ሉዊስ ሪዮ ኮሎራዶ ከተማ ውሃ ፈስሶበት አይተው የማያውቁ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሸዋው ወርደው ተቀበሉት፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሚያውቁትን ወንዝ ነበር የተቀበሉት። ከውሃው አብዛኛው ከግድቡ በታች ባለው ደረቅ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገ፣ ትንሹም ክፍል በግንቦት አጋማሽ ከባሕሩ ማዕበል ጋር ተገናኘ። በዚያ በጋ ዳርቻው ከሳተላይት ሲታይ ከቀደመው ዓመት ይበልጥ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ሙላቱ ብቻውን ያበቀለው ዛፍ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር፤ ታማሪክሱ አስቀድሞ ተነቅሎ መሬቱ በተዘጋጀባቸው እንደ ላጉና ግራንዴ ባሉ ስፍራዎች ግን፣ በመስኖ ጭምር እየታገዙ፣ አኻያ፣ ኮተንውድና መስኪት በእጅ ተተክለው ደን መሆን ጀመሩ። (መስኪት በአፋር ሜዳ ወራሪ ሆኖ ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው፤ በትውልድ አገሩ ግን ተፈልጎ የሚተከል ነባር ዛፍ ነው።)

በመስከረም 2017 ተተኪው ቃለ ጉባኤ ቁጥር 323 ተፈረመና እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ ለዴልታው 259 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ከሁለቱ መንግሥታትና ከድርጅቶቹ በየሲሶው እንዲዋጣ ተወሰነ። በ2021 ከግንቦት እስከ ጥቅምት የተለቀቀው 43 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ከ2014ቱ ትምህርት ተወስዶበት ነበር፤ ውሃው ከሞሬሎስ ግድብ በታች ያለውን ጠጪ አሸዋ ተሻግሮ በሜክሲካሊ ሸለቆ የመስኖ ቦዮች በኩል ወደ ታችኛው የወንዝ ክፍል እንዲደርስ ስለተደረገ ከትልቁ ሙላት ሲሶው ብቻ ሆኖ ሳለ ወደ ባሕሩ የሚያገናኝ ፍሰት ለረጅም ጊዜ አስገኘ። ይህ ውሃ ከሃርዲ መገናኛ በታች ሲደርስ ከላስ አሬኒታስ ረግረግ ከሚመጣው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወርዷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዋስትናቸው ላይ ነው፦ የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ ባለውና ገደቡ ሲያበቃ እንደገና መነጋገር በሚያስፈልገው የሁለት አገሮች ስምምነት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሜክሲካሊ ከተማ እስካለች ድረስ በየቀኑ የሚመጣና የግዛቱ አስተዳደር የገባው የ30 በመቶ ቃል የሚጠብቀው ነው።